የቤት ክዳንና ዋጋው

ቤት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ክዳን ነው። ግድግዳው ቢዘም በድጋፍ ይቆማል፤ ክዳኑ የፈረሰበት ቤት ግን ቤት መሆኑ ይቀራል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ሰው የቤቱን ክዳን ለመለወጥ ቀድሞ ምን ይከፍል እንደ ነበረ፥ ዛሬስ ምን እንደሚከፍል ለወጣት አንባቢዎቼ ላስረዳ አስቤአለሁ። ዋጋ ሁሉ በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለምና።

በደጋው አገራችን የገበሬው ቤት ክብ ሆኖ ክዳኑ ሣር ነበር፤ በብዙ ቦታም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣሩ ይታጨዳል፥ ይደርቃል፥ ይታሰራል። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ተባዩን እያባረረ ክዳኑን ይጠብቀዋል። ቢሆንም ሣር መበስበሱ አይቀርምና ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጡ ግድ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ ጠላ አስጠምቆ፥ እንጀራ አስጋግሮ ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል። አንዱ ያጭዳል፥ አንዱ ይሸከማል፥ እጀ ብልኁ ወደ ላይ ወጥቶ ይከድናል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም፤ የሚያልፈው የጉልበት ብድር ነው። ብድሩን ለመመለስ አቅም ያነሳት ባልቴት እንኳ ደግ ጎረቤት ካላት ክዳን አታጣም ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ስናመሰግን እውነቱን አንሸፍን። ገባሩ የጌታውን ቤት በግዴታ ይሠራ፥ ግቢውንም ያጥር ነበር። ይህ ደቦ አይደለም፤ ብድሩ የማይመለስ ሥራ ነውና።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ የለንደን ወደብ መሐንዲስ ስስ ብረትን እንደ ማዕበል እያጐበጡ የመሥራትን ዘዴ አስመዘገበ። ብረቱ ስስ ቢሆንም በመጕበጡ ጠነከረ፤ ቈይቶም እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጥ ጀመር። እኛ ቆርቆሮ የምንለው ይህንኑ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አብዛኛው ቤት ሣር ክዳን ነበር። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀለለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም ለጣራው እንጨት ሆነ።

ቆርቆሮ ግን ክብ ቤት አይስማማውም። ስለዚህ ክዳኑን ሊለውጥ የተነሣ ሰው ግድግዳውንም አፍርሶ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ይሠራል። የቆርቆሮው፥ የምስማሩ፥ የእንጨቱ፥ የአናጢው ዋጋ ሁሉ ተደምሮ በገንዘብ ይከፈላል። ትርፉ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቆርቆሮ እንደ ሣር ቶሎ ቶሎ አይለወጥም፤ እሳትም አያቃጥለውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ወታደሮች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ በተነሡ ጊዜ የድኾችን ሣር ቤት ቤንዚን እያርከፈከፉ ከነሰዎቹ ማቃጠላቸውን ያነበበ ሰው፥ የሣር ክዳን ምን ያህል ለጠላት የተጋለጠ እንደ ነበረ ይረዳል።

ሌላም ትምህርት አለ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሲሆን ኪራይ ተቀነሰ። ለድኻው ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ትንሽ ኪራይ ጣራ ማደስ አልተቻለምና በብዙ የቀበሌ ቤት ቆርቆሮው ዛገ፤ ነዋሪውም ላስቲክ ጣል አድርጎ፥ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነበት። ዋጋው ቀረ ሲባል ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ የከፈለውም በክረምት ሌሊት ከሚያፈስ ጣራ ሥር ሳፋ ሲደቅን ያደረው ሰው ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ክዳን የትኛው ርካሽ ነው? የሣሩ ዋጋ ጉልበትና ጉርብትና ነበር፤ የቆርቆሮው ዋጋ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ጎረቤቱን ሳይለምን ቤቱን ይከድናል፤ ይህ ነጻነት ነው። ገንዘብ የሌላት ባልቴት ግን አናጢውን መቅጠር አትችልም፤ ጎረቤቷም «ይህማ የአናጢ ሥራ ነው» ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ክዳን ስንለውጥ ሳናስበው የከፈልነው ሌላ ዋጋ አለ፤ እርሱም ደቦው ነው።

ወደ ሣር ቤት እንመለስ አልልም። ነገር ግን ደቦ በሣር ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። በቅርብ ዓመታት በክረምት ወራት ወጣቶች ተሰብስበው የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱ ይታያል፤ ቆርቆሮውን አንዱ ይሰጣል፥ ሌላው ይሸከማል፥ ሌላው ይመታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ የለምን? አንተም ወጣት፥ አንቺም ልጄ፥ የራሳችሁን ጣራ በምታድሱበት ዓመት የጎረቤታችሁን ጣራ ቀና ብላችሁ እዩ። የሚያፈስ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ ምስማርና መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ።