የመምህራን ጉባኤ ድምፅ

በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ጉባኤ አንድ ደንብ አጸደቀ። ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ ወገኑን ያገልግል፤ ይህን ያልፈጸመ ዲግሪ አያገኝም የሚል ነበር። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ተባለ። ደንቡ በቤተ መንግሥት አዋጅ አልወረደም፤ ከፓርላማም አልወጣም። መምህራኑ በራሳቸው ጉባኤ ተወያይተው ያወጡት ነው። በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ሻንጣቸውን ሸክፈው ከአዲስ አበባ ወጡ፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆኑ።

እኛ አሰላ ያደግን ሰዎች ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሲወራ ነገሩ የሩቅ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ መምህራን እጃቸውን አንሥተው የወሰኑት ነገር በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስተምር ወጣት ሆኖ ደርሷል። የዚያ ዘመን የአሰላ ተማሪ የሚያውቀው ትምህርት ቤት ራስ ዳርጌ ነው። (ስሙ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ራስ ዳርጌ አርሲን በጦር ያስገበሩ የምኒልክ አጎት ናቸውና።) ወጣቶቹ ደግሞ ሲያስተምሩ ዝም ብለው አልኖሩም፤ ያዩትን ይዘው ተመለሱ። ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊድን ርዳታ «ካዱ» የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀምሮ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ የስንዴው ምርት አደገ፤ ምርቱ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ ጨመረ፤ ዋጋው ሲጨምር ባለመሬቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስወጣው። «መሬት ለአራሹ» የሚለው ሰልፍ አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየጠቅላይ ግዛቱ ሳሉ፣ በየካቲት 1957 ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከገጠር የሚመለሰው ተማሪ ግን መፈክሩን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም፤ የተነቀለውን ጎጆ በዓይኑ አይቶታል።

እነዚያ መምህራን ይህ ሁሉ ይከተላል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ያን ያህል ሥልጣን በእጃቸው መኖሩ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የተወለደው ከደም ማግስት ነው። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር መሳፍንቱና ሹማምንቱ ታግተው የተረሸኑት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በየካቲት 1953 የዩኒቨርሲቲው ቻርተር ታወጀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያንኑ ግቢ ለትምህርት ሰጡት። በታኅሣሥ 1954 ተመረቀ። ከዚያ በፊት፣ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ሉሲየን ማት የሚመራው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር። ቻርተሩ ቻንስለሩን ንጉሠ ነገሥቱን አደረገ፤ ከሥራቸው የመንግሥት ሹማምንት ያሉበትን ቦርድ አስቀመጠ፤ ከቦርዱ ቀጥሎ ደግሞ ፕሬዚዳንቱንና የመምህራኑን ጉባኤ አቆመ። የሥርዓተ ትምህርትና የምረቃ ጉዳይ የዚህ ጉባኤ ነበር። ዘውዳዊ መንግሥት ባለበት አገር፣ ፓርቲ በሌለበት ዘመን፣ ሰዎች በእኩል ድምፅ ተከራክረው ሕግ የሚያወጡበት እንዲህ ያለ ስፍራ ጥቂት ነበር።

ሐሳቡ ከውጭ መጣ የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ» የሚለው የላቲን ቃል በጥንት ትርጉሙ ማኅበር ማለት ነው። በፓሪስ መምህራኑ ማኅበር መሠረቱ፤ በቦሎኛ ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተደራጅተው መምህሩን ይቀጥሩት ነበር። ግን ማኅበር ለእኛ አገር ምኑ አዲስ ነው? የአርሲ ኦሮሞ በገዳ ሥርዓቱ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ሲደነግግ ኖሯል። የሰፈራችን ዕድር እንኳ ዳኛውን የሚመርጠው ራሱ አባሉ ነው፤ ጸሐፊው ሒሳብ ካጎደለ በጉባኤ ቆሞ ይጠየቃል። ባለ ብዙ ዲግሪው ምሁር አለቃውን የሚያውቀው ከሚኒስቴር ደብዳቤ ሲመጣ ከሆነ፣ በዚህ ረገድ ከዕድራችን ያነሰ መብት አለው ማለት ነው።

የጉባኤው ሥልጣን ገደብ እንዳለው ለመታየት ግን ዐሥር ዓመት አልፈጀም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ከበው ባለቀሱት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ወታደር ግቢው ውስጥ ገብቶ ተኮሰ። መምህራን ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ይኑራቸው እንጂ በሩን የመዝጋት ሥልጣን አልነበራቸውም። ደርግ ሲመጣ ይህ ባሰ። በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪውም መምህሩም በዕድገት በኅብረት ዘመተ፤ በ1969 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ተቋቁሞ ኮሌጆቹ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ዋሉ። ሴኔቱ በስም ነበረ። ከሴኔቱ ጎን ግን ፓርቲው ተቀመጠ፤ ማን ከማን እንደሚፈራ ለአንባቢ አልነግርም።

ከዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋው በሰኔ 1983 የሆነው ነው። የሽግግር መንግሥቱን ለመመሥረት በተጠራው ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ነበሩ፤ ቀዶ ሐኪምና ከሕክምና ፋኩልቲው መሥራቾች አንዱ። አዳራሹ በአሸናፊዎች የተሞላ ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ገና አንድ ወር ቢሆነው ነው። የኤርትራ ጉዳይ ለውሳኔ ሲቀርብ ዐሥራት ተቃወሙ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ በውክልና ላይ የቆመ ነበር፤ የላካቸው ተቋም በዚህ ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጡ ሥልጣን አልሰጣቸውም። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ለአንድነት እንደ ተደረገ ተጋድሎ ነው፤ እንዲያ ማስታወሱም ተገቢ ነው። እኔ ግን በባንክ ቤት ዓይን ሳየው የውክልናን ትርጉም ያወቁ ሰው ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። እኛ ጋ ውክልና የሌለው ሰው የወንድሙን ገንዘብ እንኳ ማውጣት አይችልም። እሳቸው ዩኒቨርሲቲውን እንደ ሕያው አካል፣ ጠይቀውት መልስ እንደሚሰጥ ጉባኤ አዩት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ማሰብ ቀላል አልነበረም።

ዋጋው ቆይቶ መጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በነበሩበት ጊዜ፣ የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ከቦታቸው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ከአርባ በላይ መምህራን ተባረሩ። ዐሥራትም ነበሩባቸው፤ የመምህራን ማኅበሩ መሪ ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም እንዲሁ። ሁለቱም በኋላ ታሰሩ። አንድን መምህር ማን ይቅጠረው፣ ማንስ ያሰናብተው የሚለው ጥያቄ በየትኛውም አገር የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ልብ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቹ ሳይጠየቁ ደብዳቤ ከደረሰው የቀረው ሁሉ የስብሰባ ማድመቂያ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ፕሮፌሰር እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት በመቃወም በፈቃዳቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሹመት በሚለመንበት አገር ሹመት የመለሰ ሰው ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ስለዚህ እዚህ ላነሣው ወደድሁ።

በዚያው በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ በ2001 አዋጅ 650፣ በ2011 አዋጅ 1152 ተከተሉ። ሦስቱም ስለ ነጻነት ያወራሉ። ሴኔቱ የትምህርት ጉዳይ የበላይ አካል ነው ይላሉ፤ ሰብሳቢው ፕሬዚዳንቱ ነው፤ ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ቦርዱ ካቀረባቸው እጩዎች መካከል የሚሾመው ሚኒስትሩ ነው። ገመዱን ከታች ወደ ላይ ብትከተሉት መጨረሻው ያው መሥሪያ ቤት ነው። አሰላ የራሷን ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። ቀድሞ የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የነበሩት የአሰላ የጤናና የግብርና ትምህርት ቤቶች በ2006 ዓ.ም. አርሲ ዩኒቨርሲቲ ተብለው ለብቻቸው ቆሙ። የከተማው ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ አለኝ። ልጆቻችን ጭላሎን እያዩ ሐኪም ይሆናሉ። የስንዴና የገብስ አገር ስለ ስንዴና ገብስ የሚመራመር ግቢ አገኘች።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ታወጀ፤ ራስ ገዝ ለመሆን የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለ በጀትና ስለ ገቢ ብዙ ተጽፏል፤ የኔ ሥራም ገንዘብ ስለሆነ አንብቤዋለሁ። በአሰላ ግቢ ግን ከሻይ ቤቱ በረንዳ የምሰማው የመምህራን ጨዋታ ሌላ ነው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊያቸውን እነሱ ይመርጡት እንደሆነ፣ የሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ይነበብላቸው እንደሆነ ይጠያየቃሉ። በ1956 ዓ.ም. ያ ደንብ ሲጸድቅ ከነዚህ መምህራን አንዱም አልተወለደም።