ዘርና ስፍራ፤ በአዋሽና በኤረር መካከል ስለ ጠባይ ምንጭ የተደረገ ምርምር ታሪክ

ስለ ጠባይ ምንጭ ከአባቶቻችን ሁለት የማይስማሙ ምሳሌዎች ወርሰናል። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም ልጓም ፈረስን ከሚስበው ይልቅ የትውልድ ወገን ሰውን አጥብቆ ይስበዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ከአህያ ጋር ስለ ዋለች ጊደር የሚነገረው ነው፤ እርሷም በትውልዷ ከላም ወገን ስትሆን ከውሎዋ የተነሣ የአህያን አመል ተምራ ትመለሳለች። አንዱ ሽማግሌ ሁለቱንም ይናገራቸዋል፤ የራሱ ልጅ መልካም ሲሠራ የመጀመሪያውን፣ ሲበላሽ ደግሞ ሁለተኛውን ይጠቅሳል።

ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ የተገኘው በአገራችን ቆላ፣ ከአዋሽ ወንዝ እስከ ኤረር ጎታ ባለው ምድር ነው። የምርምሩን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ እናቀርባለን፤ ከአራዊት የተገኘው ትምህርት ለሰው እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግልም እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቦርደዴ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በአንድ ወገን የጨርጨር ደጋ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሰሜን በኩል ምድሩ እየተዘረጋ ወደ አፋር በረሓ ይወርዳል። አገሩ ግራርና ቍጥቋጦ የበዛበት፣ ዝናም የሚያንስበት ነው። ነዋሪው ኢቱ ኦሮሞ ሲሆን አፋሮችና የኢሳ ሶማሌዎች ይጎራበቱታል። ዝንጀሮ በኦሮምኛ ጀልዴሳ ይባላል፤ የዚህ ደረቅ ቆላ ዝንጀሮም ሊቃውንት ሐማድርያስ የሚሉት ወገን ነው። ወንዱ በትከሻው ላይ ብር የመሰለ ጎፈር አለው፤ ሴቷ ቡናማ ስትሆን ክብደቷ የወንዱን ግማሽ ያህል ነው። ከአዋሽ ፏፏቴ ወደ ላይ፣ የወንዙን ዳር ተከትሎ፣ ጠጕሩ ወደ ወይራ ቅጠል መልክ የሚያደላ አኑቢስ የሚባል ሌላ ወገን ይኖራል።

የአገራችን ዝንጀሮ በዓለም ሊቃውንት ክርክር ውስጥ የገባው አስቀድሞ ነው። አልፍሬድ ብሬም የተባለው ጀርመናዊ የእንስሳት ሊቅ በሰሜን በኩል ሲጓዝ አንድ የዝንጀሮ መንጋ ሸለቆ ሲሻገር ውሾች ሲያጠቁት አየ። አንድ ግልገል በድንጋይ ላይ ተከብቦ ሲጮኽ፣ ተራራውን ወጥቶ የነበረ ትልቅ ወንድ ተመልሶ ወረደና ግልገሉን ከውሾቹ መካከል ይዞት ሄደ። ቻርልስ ዳርዊን ይህን ታሪክ በ1871 ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ጠቀሰው። አሳቡም ሥጋ በዝግመተ ለውጥ እንደ ተቀረጸ፣ ለወገን መራራትና ለደካማ መቆምም እንዲሁ በብዙ ትውልድ ተቀርጾ ሊተላለፍ ይችላል የሚል ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን የዝንጀሮ ስም በሌላ መንገድ ተነሣ። በ1925 የለንደን የአራዊት መጠበቂያ ወደ 100 የሚጠጉ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎችን በአንድ ሰው ሠራሽ ኮረብታ ላይ አኖረ። ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በ1927 ሌሎች 30 ሴቶች ሲጨመሩ ወንዶቹ በእነርሱ ምክንያት ተዋጉ፤ ከሴቶቹም የሚበዙት በውጊያው መካከል ተጐትተውና ቈስለው ሞቱ። ይህን የተመለከተው ሶሊ ዙከርማን በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የዝንጀሮ ማኅበር የሚታሰረው በፆታ ፍላጎትና በጕልበት መሆኑን ጻፈ። ብዙ አንባቢዎችም የሰው የተፈጥሮ ባሕርይ በዚያ ኮረብታ ላይ እንደ ተገለጠ አድርገው ተቀበሉት።

እንዲህ የሚል ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እንስሳው በገዛ አገሩ ሲታይ ነው። ይህንንም የሠራው ሐንስ ኩመር የተባለው የዙሪክ ሊቅ ነው። ኩመር አስቀድሞ በዙሪክ የአራዊት መጠበቂያ ያሉትን ሐማድርያሶች አጥንቶ ነበር፤ በ1960 እና በ1961 ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከቦርደዴ በስተ ምሥራቅ ባለችው በኤረር ጎታ ዙሪያ መንጋዎቹን እየተከተለ አጠና። ያገኘውም ከለንደኑ ኮረብታ እጅግ የተለየ ነበር። በማታ ብዙ መቶ ዝንጀሮዎች በአንድ ገደል ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ በየጭፍራው ተለያይተው ይሰማራሉ። የማኅበሩ መሠረት አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከግልገሎች ጋር የሚኖርበት ቤተ ሰብ ነው። ሴቷ ከወንዱ ስትርቅ ወንዱ በዓይኑ ያስፈራራታል፤ ካልተመለሰች አንገቷን ይነክሳታል፤ እርሷም ተከትላው ትሄዳለች።

ኩመርና ባልደረቦቹ በ1974 ያሳተሙት ሌላ ፈተና የበለጠ ያስደንቃል። አንድን ወንድ ከማያውቃት ሴት ጋር ሩብ ሰዓት ያህል አብረው አቈዩአቸው፤ ሌላው ወንድ ከሩቅ ሆኖ ያያል። በኋላ ያ ተመልካች ወደ እነርሱ ሲገባ ሴቷን ለመንጠቅ አልሞከረም፤ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ፤ ወደ ሌላ ስፍራ እያየ ጠጠር ይነካካ ነበር። ስለዚህ በለንደን የታየው ጭካኔ የዝንጀሮ ባሕርይ በሙሉ አልነበረም። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ወንዶች፣ መሸሻ በሌለው ጠባብ ስፍራ፣ እጅግ ጥቂት ከሆኑ ሴቶች ጋር ሲታጐሩ የሚሆነው ነበር። አንዱ ወገን በአንዱ ስፍራ ሰላምን፣ በሌላው ስፍራ ጥፋትን አሳየ።

ይህ ብቻውን ቢታይ ስፍራ ሁሉን ያደርጋል ሊያሰኝ ይችላል። በአዋሽ ዳርቻ የተደረገው ምርምር ግን ነገሩን አመዛዘነው። በአኑቢስ ዘንድ ሴቶች በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ወንዶች ሲያድጉ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳሉ፤ አንድም ወንድ ሴትን ለዘወትር አይጠብቅም። በሐማድርያስ ዘንድ ወንዶች በአባቶቻቸው ጭፍራ ይቀራሉ፤ ሴቶች ይወሰዳሉ። ኡሊ ናገል ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙበት በአዋሽ ገደል አካባቢ አጥንቶ በ1973 ሥራውን አሳተመ። በአንድ ዓይነት ምድር ላይ ሲኖሩ የውሎና የማደሪያ ነገራቸው ወደ መመሳሰል ሲያደላ፣ የማኅበር ሥርዐታቸው ግን በየወገናቸው ተለይቶ ቀረ።

ኩመርና ባልደረቦቹ በ1970 ያሳተሙት ፈተና ደግሞ የጊደሯን ምሳሌ በሥራ የመረመረ ነው ቢባል ያስኬዳል። የአኑቢስ ሴቶችን ይዘው በሐማድርያስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ። እያንዳንዷን አንድ ወንድ ያዛት፤ በመጀመሪያ ስትሸሽ ተነከሰች፤ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ግን ወንዱን መከተል ተማረች። የሐማድርያስ ሴቶችን ደግሞ በአኑቢስ መንጋ ውስጥ ለቀቁ፤ እነርሱም የሚጠብቃቸው ወንድ ሲያጡ መከተሉን ቶሎ ተዉት። እንግዲህ የሴቷ መከተል ከአጥንቷ የመጣ አልነበረም፤ ወንዱ የሚያስተምራት ነበር።

የወንዱ ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። ከ1973 ጀምሮ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሁለቱ ወገኖች የተዳቀሉትን ዝንጀሮዎች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። የተዳቀለው ወንድ በመልኩ እንደሚቀላቀል በጠባዩም በሁለቱ መካከል ይውላል፤ አንዳንዱ ሴቶችን ሰብስቦ ለመጠበቅ ይጀምራል፤ ነገር ግን ሥራውን እንደ ሐማድርያስ ወንድ አያጸናውም። በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከስሜት ጋር ግንኙነት ያላቸው ንጥረ ነገሮች መጠንም በሁለቱ ወገኖች ወንዶች መካከል የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሴቶችን የመጠበቁ ዝንባሌ በዘረ መል፣ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ በሚተላለፈው የሥጋ መመሪያ፣ እንደሚወረስ ያመለክታል።

ከዚህ የምንማረው ጥያቄው ራሱ መከፋፈል እንዳለበት ነው። «ጠባይ ከዘር ነው ወይስ ከስፍራ?» ተብሎ በጅምላ ቢጠየቅ መልስ አይገኝም። በአንድ መንጋ ውስጥ የወንዱ መጠበቅ ከትውልድ፣ የሴቷ መከተል ከትምህርት፣ የዕለቱ ጕዞ ከምድሩ ይመጣል። ሦስቱም ተገናኝተው አንድ ማኅበር ይሆናሉ።

ይህን ወደ ሰው ስናመጣ መጠንቀቅ ይገባል። ከላይ የተነገሩት ሁለት የተለያዩ የዝንጀሮ ወገኖች ናቸው፤ የሰው ልጅ ግን በምድር ሁሉ አንድ ወገን ነው። ስለዚህ በሁለቱ ዝንጀሮዎች መካከል ያለውን ልዩነት በሕዝቦች መካከል ላለው ልዩነት ምሳሌ ማድረግ ስሕተት ነው። ለሰው የሚሆነው ማስረጃ ከሰው መፈለግ አለበት፤ እርሱም በዚሁ በሐረርጌ ምድር ይገኛል።

የኢቱ ሕዝብ በቋንቋና በትውልድ አንድ ሲሆን፣ በጨርጨር ደጋ የሚኖረው ማሽላ የሚዘራ፣ ቡናና ጫት የሚተክል ገበሬ ነው፤ ወደ ሚኤሶና ወደ ቦርደዴ ቆላ የወረደው ግን ከብትና ግመል ይዞ ሣርና ውሃ ይከተላል። ገበሬው ስለ ድንበሩ ይጨነቃል፤ አርቢው ስለ ጕድጓዱ። አንዱ ትውልድ በሁለት ምድር ሁለት ኑሮ ሆነ። እንደዚሁም ጉዲፈቻ የተባለው የኦሮሞ ሥርዐት፣ ስሙም በአማርኛና በአገሪቱ ሕግ የገባው፣ ከሌላ ወላጆች የተወለደውን ሕፃን የአሳዳጊዎቹ ጎሣ ሙሉ ልጅ ያደርገዋል። ሕፃኑ በቋንቋቸው ይናገራል፣ በሥርዐታቸው ይኖራል፣ አባቶቻቸውንም እንደ አባቶቹ ይቈጥራል። እንግዲህ ሽማግሌው «ዘር ይስባል» ሲል የሚቈጥረው የትውልድ ሐረግ ራሱ በአስተዳደግ የገቡ ሰዎች ያሉበት ነው። ደግሞም ልጅ ሥጋውንና ትምህርቱን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤት ስለሚወስድ፣ የትኛው ከየትኛው እንደ መጣ በዓይን ብቻ አይለይም።

ይሁንና ስፍራና ልማድ በበኩላቸው ዘርን እንደሚቀርጹ መታወቅ አለበት። ብዙዎች ሰዎች ከሕፃንነት ካለፉ በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የመፍጨት ኀይል ያጣሉ። ከብትና ግመል በሚያረቡ ሕዝቦች ዘንድ ግን ይህ ኀይል እስከ እርጅና የሚቈይባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በ2007 የታተመ ምርምር በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ያመጣው የዘረ መል ለውጥ በአውሮጳ ካለው የተለየ መሆኑን ገለጠ፤ ከለውጦቹ የአንዱ ዕድሜም ከ3,000 እስከ 7,000 ዓመት ገደማ ተገምቷል። በ2013 የታተመው ደግሞ በኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ እንኳ ብዙ ዓይነት ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አሳየ። ሰዎች አስቀድመው ከብትን አለመዱ፤ ከዚያ በኋላ ወተቱ የተስማማቸው ልጆች በዝተው ተወለዱ። ወተትን ወደ እርጎና ወደ አይብ የመለወጥ ልማድም ስኳሩን ስለሚቀንስ፣ የዘረ መሉን ሥራ በከፊል በእጅ ይሠራዋል።

ይህ ሁሉ ለአንባቢ የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው። በሚኤሶና በቦርደዴ ቆላ በግጦሽና በውሃ ምክንያት በኢቱ፣ በኢሳና በአፋር መካከል ብዙ ጊዜ ደም ፈስሷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ከሩቅ የሚሰማ ሰው «ሕዝቡ በተፈጥሮው ጠበኛ ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ዙከርማን ስለ ዝንጀሮ ከፈረደው ፍርድ አይለይም፤ የታጐሩትን አይቶ ያጐራቸውን ስፍራ ሳይመለከት ፈረደ። ባሕርይን የሚመረምር ሰው የጕድጓዱን ብዛት፣ የዝናሙን መጠን፣ የድንበሩን አከፋፈል አስቀድሞ ይቍጠር። ሕዝብን በደሙ የሚወቅስ ዳኛ ምንም መድኀኒት አያገኝም፤ ደምን መለወጥ አይቻልምና። ጕድጓድ ግን ይቈፈራል፤ ድንበርም በሽማግሌ ይታረቃል።