ጢስ ዓባይና የባሕር ዳር መብራት

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳ ሳይሆን ስለ መብራት ለመጻፍ ተስማምተናል። ማታ ደብተራችንን የምናነብበት ብርሃን ከየት እንደ መጣና ምን እንዳስከፈለ መመርመር ከታሪክ ትምህርት ውጭ አይደለምና።

ኤሌክትሪክ በአገራችን የታየው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን መሆኑ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥቱ በሞተር በራ፤ ቀጥሎም በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። ለጣና ዳር ሕዝብ ግን ሌሊቱ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን የኩራዝ ሌሊት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ ሥራውን ጀመረ፤ ከዚህ በኋላ የዓባይ ተራ ደረሰ።

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወረወራል። የሀገሩ ሰው ጢስ ዓባይ ያለው ከሥሩ የሚነሣውን ጉም አይቶ ነው። መሐንዲሶቹ በዚህ ስፍራ ታላቅ ግድብ መሥራት አላስፈለጋቸውም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ጣና የክረምቱን ዝናብ አጠራቅሞ በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ሐይቁ ራሱ የተፈጥሮ ጎተራ ነው። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ቦይ ተቀደደና ከውሃው ከፊሉ ወደ ማመንጫው ቤት ተመለሰ። ውሃው ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ሲመታው ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያሽከረክራል። ከዚያ ትራንስፎርመር የኃይሉን ቮልቴጅ ከፍ ያደርገዋል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ከረንት ያንሳል፣ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውም ይቀንሳል። ከተማ ሲደርስ ለቤትና ለፋብሪካ እንዲስማማ እንደገና ይወርዳል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ ሦስት መኪናዎች ሲኖሩት፣ ጠቅላላ ኃይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከዚህ ኃይል ብዙውን የሚጠብቀው በጣልያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ።

በእኛ አስተያየት ግን ከመኪናዎቹ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ማመንጫው ሊከፈት አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከትምህርት ክፍሎቹም አንዱ የኤሌክትሪክ ቴክኖሎጂ ነበር። መኪናውና መኪናውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ዘመን፣ በአንድ ከተማ ተገኙ ማለት ነው። መኪና ከውጭ አገር በገንዘብ ይገዛል፤ ሌሊት በዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ሽቦ የሚቀጥል ወጣት ግን እዚሁ ካልሠለጠነ ከየትም አይመጣም። ፖሊቴክኒኩ በኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

በመጀመሪያ የጢስ ዓባይ መስመር ለብቻው የቆመ ነበር፤ መኪናው ሲታመም ከተማው ይጨልማል። ውሎ አድሮ ከብሔራዊው መረብ ጋር ተገናኘ። መረብ ማለት የአንዱን ወንዝ ጉድለት ሌላው ወንዝ የሚሸፍንበት፣ እንደ ዕቁብ ያለ ነገር ነው። ዕቁብ ግን መዋጮ አለው፤ የጢስ ዓባይም መዋጮ እየከበደ መጣ። በ1988 ዓ.ም. ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠር ጨረጨራ የተባለው መከለያ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ሥራ ሲጀምር አብዛኛው ውሃ ወደ ቦዩ ገባ። ፏፏቴው በበጋ ቀጠነ፤ ጢሱም ጠፋ። እንግዳ እየመሩና የእጅ ሥራ እየሸጡ የሚኖሩ የመንደሩ ሰዎች ገበያቸው ቀዘቀዘ። መብራቱ ባልመጣ አንልም፤ ነገር ግን ለፏፏቴውም የሚገባው ድርሻ ተለክቶ ሊለቀቅለት ይገባል እንላለን።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተከፈተ። ይህኛው የሐይቁን ውሃ በሌላ በኩል፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የመሬት ውስጥ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይሰደዋል። ኃይሉ 460 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ከአራቱ መኪናዎች አንዱ ብቻ ከቀድሞው ጢስ ዓባይ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት በጢስ ዓባይ በኩል የሚሄደው ውሃ ይበልጥ አነሰ፤ አሮጌዎቹ ማመንጫዎችም ተጠባባቂ ሆኑ። በበለስ የሄደው ውሃ ግን ዞሮ ዓባይን ይገናኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ሁለተኛ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ታላቁ መስመር በላያቸው አልፎ ኩራዝ የሚያበሩ መንደሮች አሉ። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ እንደ ቧንቧ በመንገድ ላይ አይቀዳም፤ ማውረጃ ጣቢያ፣ ምሰሶና ቆጣሪ ይፈልጋል፤ ቤቶች ተበታትነው በሚገኙበት ገጠር ወጪው ብዙ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. ለሁሉ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 ከመቶውን በመረቡ፣ 35 ከመቶውን ከመረቡ ውጭ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው ለማብራት ነበር። ቀኑ ደርሶ አልፏል፤ ሥራው ገና ነው።

የፀሐይ መብራት በየጣራው ሲሰቀል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ፓኔሉ ሳይሆን ባትሪው ነው። ባትሪውን መርምሮ የሚለውጥ ሰው በአቅራቢያው ከሌለ ቤቱ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ ዐሥር ዓመት ትምህርት አያስፈልግም፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚሰጥ አጭር ሥልጠናና አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይበቃል። ዘንድሮ ትምህርታቸውን ከሚጨርሱት ጓደኞቻችን መካከል ወደ ገጠር ወላጆቻቸው የሚመለሱ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ይህን ሙያ እንዲያስቡበት ክበባችን ያሳስባል፤ ወላጆችም ልጃችን ሽቦ ጠጋኝ ሆነ ብለው እንዳያዝኑ እንለምናለን።