ሁለተኛ ዲግሪ መቼ ይሁን? ከጉባኤ ቤት እስከ ቅዳሜና እሁድ ትምህርት



ዘንድሮ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ቡና እየተፈላ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሣ። ከአባላችን ልጆች አንዷ በአካውንቲንግ ተመርቃ እዚሁ አምበር ሥራ ከያዘች ገና አንድ ዓመቷ ነው። በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር ፈልጋ ከማኅበሩ የትምህርት ብድር ጠየቀች። እኩሌቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ብለን ደገፍን። እኩሌቶቻችን ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሥራውን ሳታውቀው ምን ልታስተዳድር ትማራለች?» አልን። ብድሩ የሚወጣው እንቁላልና ጤፍ ሸጠን ካጠራቀምነው ገንዘብ ስለሆነ ነገሩ የጨዋታ አልነበረም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት የቀደሙት ሰዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት መለስ ብለን ተመለከትን። ያገኘነውን እነሆ።

መጀመሪያ ያየነው የራሳችንን ቤት ነው። ጎጃም ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አገር ነው። በጉባኤ ቤት መማርና መሥራት ተለያይተው አያውቁም። በቅኔው የገፋ ተማሪ አስነጋሪ ይሆንና የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። ራሱ ደግሞ ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይማራል። ወንበር የሚተከልለት ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ መንገድ ለሴቶች የጠበበ ቢሆንም ጨርሶ የተዘጋ አልነበረም። ዓይነ ስውሯ እመይቴ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላም እዚሁ ጎጃም የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶቹን አስተምረዋል። እርሳቸው ቅኔን የያዙት በልጅነታቸው ነው። «ትዳር ያዢና፣ ጎጆ ውጪና በኋላ ትደርሺበታለሽ» ተብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ባልኖረ።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም ከአገር ሲወጣ መንግሥት በብርቱ የተቸገረው በተማረ ሰው ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ መዝገብ የሚያደራጅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሁሉም «ኮሜርስ» የሚለው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም የተከፈተው በዚያ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የዩኒቨርሲቲው የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። እንግዲህ በአገራችን «አስተዳደር» ራሱን የቻለ የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ከሆነ ገና የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ነው።

ከዚያ ዘመን ለጥያቄያችን በጣም የጠቀመን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ነው። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዲግሪውን ከመጨረሱ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ተጣለበት። አብዛኞቹ የተላኩት በመምህርነት ነበር። ከዚያ ተመልሰው ትምህርታቸውን ይጨርሱ ነበር። ልብ በሉ፤ የተባለው «መጀመሪያ ጨርስ፣ ከዚያ ሥራ» አይደለም። «ሠርተህ ተመለስ» እንጂ «ሠርተህ እዚያው ቅር» የሚልም አልነበረም። ሥራው ከትምህርቱ መሐል ገብቶ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪ በአገር ውስጥ በስፋት መሰጠት የጀመረው ግን ዘግይቶ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ዓ.ም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲከፍት ነው። ከዚያ በፊት ማስተርስ የሚያስብ ሰው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። እንዲህ ያለው ዕድል ደግሞ ለሴት፣ ይልቁንም ለገጠር ሴት፣ እምብዛም አይደርስም ነበር። በሥራ ላይ ሆኖ በርቀት መማርም የታወቀው በኋላ ነው። አቶ መለስ ዜናዊ አገር እየመሩ በእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1995 በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሳቸውን ማግኘታቸው ይታወቃል። ትምህርቱ ዘግይቶም፣ ከከባድ ኃላፊነት ጋርም እንደሚቻል ይህ ያሳያል። ነገር ግን እርሳቸው እቤት ሲገቡ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ውሃ የሚቀዱ አልነበሩም።

በውጭው ዓለምም ክርክሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የማኔጅመንት ድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ዳርትመዝ ኮሌጅ ተከፈተ። ሃርቫርድ ደግሞ በ1908 ኤም ቢ ኤ የሚባለውን ዲግሪ ጀመረ። ዛሬ ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ይመርጣሉ። ምክንያቱም ትምህርቱ በእውነተኛ ድርጅት ላይ የደረሰ ችግር ቀርቦ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» እየተባለ የሚካሄድ ነው። ሒሳብ ሲጎድል፣ ሠራተኛ ሲያኮርፍ፣ ዕቃ ሲበላሽ አይቶ የማያውቅ ሰው ለዚህ የሚያዋጣው ሐሳብ የለውም። ሃርቫርድ ለሴቶች የዚህን ትምህርት በር ሙሉ በሙሉ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ የእኛው የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ በተቋቋመበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሃምሳ አምስት ዓመት በር ላይ የቆመች ሴት «ትንሽ ታገሺ» መባል ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ነገሩን ሁሉ የለወጠው ቅርበቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ማስተማር ከመጀመሩ በፊት ከዚህ አካባቢ ከፍተኛ ትምህርት የሚፈልግ ሰው ወይ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ወይ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። ሥራ መልቀቅ፣ ቤት መከራየት፣ ከቤተሰብ መለየት ነበር። አሁን ግን ከአምበር ደብረ ማርቆስ በአስፋልቱ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ቅዳሜና እሁድ ተምሮ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መግባት ይቻላል። ስለዚህ «ሥራ ወይስ ትምህርት?» የሚለው የድሮ ጥያቄ ለእኛ ልጆች ቅርጹን ቀይሯል።

ታሪኩን ካየን በኋላ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያልነው አባላት እውነት እንዳለን ተስማማን። ማኔጅመንት ከወረቀት ብቻ አይያዝም። እኛው ራሳችን አንድ ዓመት የቁጠባ መዝገባችን ከካዝናው ጋር አልገጥም ብሎ ስንት ሌሊት እንዳደርን እናስታውሳለን። ያስተማረን ያ ጭንቀት ነው። ሆኖም «ጀምበር ሳለ ሩጥ» ያልነውም አልተሳሳትንም። ለወንድ ልጅ ሦስት አራት ዓመት መቆየት፣ መቆየት ብቻ ነው። ለሴት ልጅ ግን በእነዚያ ዓመታት ትዳር ይመጣል፣ ልጅ ይወለዳል፣ የታመመች እናት ትኖራለች። «በኋላ» የተባለው ብዙ ጊዜ «ጨርሶ» ይሆናል። ከመካከላችን ይህ የደረሰብን ጥቂቶች አይደለንም።

ስለዚህ መካከለኛውን፣ የአስነጋሪዋን መንገድ መረጥን። ልጃችን ብድሩን ታገኛለች፤ ሥራዋን ግን አትለቅም። ብድሩን ከደመወዟ በየወሩ ትመልሳለች። የተማረችውን በየሦስት ወሩ መጥታ በሚገባን ቋንቋ ታስረዳናለች፣ የቁጠባ መዝገባችንንም አብራን ታያለች። እኛም በተራችን እናቷን በቅዳሜና እሁድ ሥራ እናግዛለን፤ ምክንያቱም ያለዚህ እገዛ ብድሩ ብቻውን ግማሽ ነገር ነው።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው። ለሴት ልጅ ትምህርት ስትረዱ የመመዝገቢያና የመጽሐፍ ክፍያውን ብቻ አታስቡ። የሚኒባሱን ሒሳብ፣ ቤት የሚቀረውን ሥራና የሚጠብቃትን ሕፃንም አስቡ። ልጃችን የመጀመሪያውን የሦስት ወር ማብራሪያዋን ስትሰጠን «ትቆይ» ያልነው አባላት ፊት እንቀመጣለን። ጥያቄ አዘጋጅተናል።