የጣና ግድብ ክርክርና የዳንግላው ቆንሲል



በቅርቡ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋራ በሻይ ሰዓት ስለ ዓባይ ግድብ ስንጨዋወት ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠና፥ አንደኛው ወዳጄ «እኛ ስለ ውኃችን ከውጭ መንግሥታት ጋራ መከራከር የጀመርነው የጉባው ግድብ መሠረት ከተጣለ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው» ብሎ ተናገረ። ይህ ሰው የተማረና በመሥሪያ ቤታችን የተከበረ ነው። እርሱ እንዲህ ካሰበ ሌላውም ብዙ ሰው እንዲሁ ሳያስብ አይቀርም ብዬ ለዛሬው ንግግሬ ይህን ርዕስ መረጥሁ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። ከክርክሩም ስፍራዎች አንዷ፥ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገደኛ መኪናው መስኮት ላይ ሆኖ አይቷት የሚያልፋት የአገው ምድሯ ዳንግላ ናት።

ቆንሲል ማለት በተለመደው አሠራር በባዕድ አገር የሚኖሩትን ወገኖቹንና የአገሩን ንግድ የሚጠብቅ ሹም ነው። ዳንግላ ግን ወደብ አልነበረችም፤ የባቡር ጣቢያም አልነበራትም። ታዲያ የእንግሊዝ መንግሥት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚባለውን ሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዚያች ከተማ ቆንሲል አድርጎ ያስቀመጠው ስለ ምንድር ነው? የሱዳንን ወሰን ጉዳይ መከታተል በእርግጥ አንዱ ሥራው ነበር። ነገር ግን ከዳንግላ ተነሥቶ በበቅሎ የሚጓዝ ሰው በጥቂት ቀን ጣና ይደርሳል፤ ነገሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። ቺዝማን የጣናን ዙሪያ ዞረ፤ ደሴቶቹንና ገዳማቱን ጎበኘ፤ ከዚያ በፊት በካርታ ላይ በግምት ብቻ ይሣል የነበረውን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ለካ። ያየውንም በ1936 በለንደን በታተመው መጽሐፉ ጻፈው። ስለ ወፍና ስለ አራዊት ጠንቅቆ የሚያውቅ፥ አገራችንንም ያለ ንቀት የተመለከተ ሰው እንደ ነበረ መመስከር ይገባል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሹም ሆኖ የለካውን የለካው ለመንግሥቱ ነው።

የነገሩ ሥር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በአዲስ አበባ የተፈረመው የወሰን ውል ነው። በዚህ ውል ሦስተኛ ክፍል ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ አስቀድመው ሳይስማሙ እንዳይሠሩ፥ ለሌላም እንዳይፈቅዱ ቃል ገብተዋል። እዚህ ላይ አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው ነገር አለ። የአማርኛው ጽሑፍ የሚናገረው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ነው። ውኃውን በመጠኑ መጠቀምና ወንዙን መድፈን ግን፥ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እንግሊዞች ግን ውሉን ሲያነቡት ያለ እነርሱ ፈቃድ ማንም እጁን ወደ ውኃው እንዳይዘረጋ የሚከለክል አድርገው ነበር። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች አንድ ቃል በትርጉም ሲዛባ ምን ያህል ዓመት ሲያከራክር እንደሚኖር ከመዝገቦቻችን እናውቃለን።

እንግሊዞች ለጣና የጓጉበት ምክንያት ጥጥ ነው። በሱዳን የገዚራን ሜዳ በመስኖ አለምተው ለፋብሪካዎቻቸው ጥጥ ሊያመርቱ አስበው በሰናር ታላቅ ግድብ ሠርተው ነበር፤ ግድቡም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1925 ተፈጸመ። ጣና ደግሞ ከክረምት እስከ በጋ ውኃ የሚያስቀምጥ የተፈጥሮ ጎተራ ሆኖ ታያቸው። በ1895 ዓ.ም. ዱፒዊ የተባለ መሐንዲስ ሐይቁን አጥንቷል፤ በ1913 ዓ.ም. ገደማም ግራብሃምና ብላክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ለክተዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ከጥጥም ከውኃም አለፈ። በታኅሣሥ ወር 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ኢጣልያ በሮም ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ የጣናን ግድብና ከሱዳን ወሰን እስከ ሐይቁ የሚደርስ የመኪና መንገድ ለመሥራት ስትጠይቅ ኢጣልያ ልትደግፋት፤ ኢጣልያም ከኤርትራ እስከ ሶማልያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ የባቡር ሐዲድ ስትጠይቅ እንግሊዝ ልትደግፋት ተስማሙ። ባለቤቱን አልጠየቁትም። ኢትዮጵያ ግን በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበርና፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በሰኔ ወር 1918 ዓ.ም. ለማኅበሩ የተቃውሞ ጽሑፍ አቀረቡ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው መልስ ለመስጠት ተገደዱ። አንድ አፍሪቃዊ መንግሥት ሁለት ኃያላንን በዓለም ጉባኤ ፊት በወረቀት ብቻ ማፈሪያ ማድረጉ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

የሚቀጥለው ርምጃ ደግሞ ብልሃት ያለበት ነው። መንግሥት «ግድብ አንፈልግም» አላለም፤ «ሠሪውን የምንመርጠው እኛ ነን» አለ እንጂ። በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች ተወስደው በሕንድ አገር አድገው ሐኪም የሆኑት አዛዥ ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተላኩና፥ በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ጄ. ጂ. ኋይት ከሚባለው የኒው ዮርክ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋራ ተነጋገሩ። ወሬው ለንደንንም ካይሮንም አስደነገጠ። የኩባንያው መሐንዲሶች በ1923 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁን አጠኑ፤ የኢትዮጵያም መንግሥት መንገዱ ከሱዳን ሳይሆን ከአዲስ አበባ እስከ ጣና እንዲሠራ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጎጃም ንግድ መንገዱን ተከትሎ ይሄዳልና።

ከውጭው ክርክር ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ በአገር ውስጥ የነበረው ነው። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ የተማሩት ወጣቶች ስለ ትምህርት፥ ስለ መንገድና ስለ ባርነት በአደባባይ መጻፍ ይዘው ነበር። ከእነርሱ ቀድሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ላለው ገባር ሆኖ እንደሚቀር ጽፈዋል። ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ እስከ ተሻሩበት እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ በግዛታቸው ውስጥ ኃይለኛ ሰው ስለ ነበሩ፥ ከሐይቁ የሚገኘው ገንዘብና ሥልጣን ወደ ማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ማዕከላዊውን መንግሥት ዕንቅልፍ የሚነሣ ነበር። የካህናቱ ጥያቄ ግን ከሁሉ ቀላልና ከሁሉ ከባድ ነው፤ ውኃው ከፍ ቢል በደሴቶቹና በዳርቻው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ምን ይሆናሉ? አሉ።

አንዳንድ ዘመናዊ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት ይቈጥሩታል። እኔ አልስማማም። የውኃው ከፍታ ስንት ክንድ ይሆናል ብሎ መጠየቅ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ችግሩ የጠያቂዎቹ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በአማርኛ ለክቶ የሚመልስላቸው ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ አለመኖሩ ነው። መልሱ የነበረው በኒው ዮርክ፥ በካይሮና በካርቱም መዝገብ ቤቶች፥ በከፊልም በዳንግላው ቆንሲል ሣጥን ውስጥ ነው። ሰለዚህ የራሳችንን ሐይቅ ጉዳይ የምንከራከረው ሌላ ሰው በሰጠን ቍጥር ነበር። ወዳጄ «ያን ጊዜ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ የት በደረስን» ይለኛል። ቢሠራ ኖሮ ግን በመጀመሪያ የሚጠጣው የገዚራ ጥጥ እንጂ የዳንግላ ጤፍ እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም።

ፋሺስት ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ስትወረን ንግግሩ ሁሉ ተቋረጠ። ዳንግላም የጠላት ጦር ሰፈር ሆና ቆይታ፥ በ1933 ዓ.ም. አርበኞችና የጌዴዎን ጦር ጎጃምን ሲያስለቅቁ ጠላት ለቋት ሄደ። በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢልዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ሲከፋፈሉት አሁንም ኢትዮጵያን የጠየቃት አልነበረም። በዚያው ዘመን ግን ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋራ የተደረገው የዓባይ ሸለቆ ጥናት በ1956 ዓ.ም. ተፈጽሞ ቀረበ፤ በሱዳን ወሰን አጠገብ ታላቅ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል ያመለከተው ይኸው ጥናት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጉባው ግድብ ከዚያ ጥናት ጋራ ያለውን ዝምድና ወዳጄ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጣናም ራሱ ሳይነካ አልቀረም። በ1988 ዓ.ም. ውኃው ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራበት፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቆ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ መውረድ ጀመረ። ሁለቱንም ያዘዝን እኛው ነን። የቀድሞዎቹ ካህናት የፈሩት ውኃው ከፍ እንዳይል ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ዝናብ ባነሰበት በዚያ ዓመት ለኤሌክትሪክ ብዙ ውኃ ተለቅቆ ስለ ነበር ሐይቁ እጅግ ዝቅ አለና መርከቦቹ ለወራት መጓዝ አቆሙ። በዚያን ጊዜ ውኃው ስንት ክንድ ይሆናል ብሎ የጠየቀ፥ መልሱንም በወቅቱ ያገኘ የዘጌና የደሴቶቹ ሰው ስንት እንደ ነበረ፥ ከአድማጮቼ መካከል በጉዳዩ ላይ የሠራ ሰው ቢኖር ቢጽፍልን በሌላ ቀን በዚሁ ሰዓት አነበዋለሁ።