ሞተር ሲያንኳኳ፦ ከእርሳስ እስከ ኖክ ሴንሰር

ወገኖች፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮዱ ፒ0325 ሲሆን «ኖክ ሴንሰር ነው፣ ምንም አይል፣ ዝም ብለህ ንዳው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ታሪኩን ላውጋችሁ።

የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ቤንዚን በራሱ ሲፈነዳ ሞተር ያንኳኳል፤ ሲብስ ፒስተን ይበሳል። እ.ኤ.አ. በ1921 የጄነራል ሞተርሱ ቶማስ ሚጅሊ መላ አገኘ፦ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር። መርዝ መሆኑ ይታወቅ ነበር! በ1924 ኒው ጀርሲ፣ ቤይዌይ ማጣሪያ 5 ሠራተኞች አእምሯቸውን ስተው ሞቱ። ሽያጩ ጥቂት ቆሞ እንደገና ቀጠለ። አሜሪካ ለመንገድ መኪና ጨርሳ የከለከለችው በ1996 ነው፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021። አገር ቤት ያደግን ሁላችንም ያንን ጭስ ስበናል።

ሴንሰሩ ሌላ መንገድ ነው። ውስጡ ያለው ክሪስታል ንዝረት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኮምፒውተሩ ይሰማና ብልጭታውን ያዘገያል። ቢዩክ በ1978 ቱርቦ ሞተሩ ላይ ገጥሞታል።

ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ጆሮ የለውም፤ ፈርቶ ታይሚንጉን ያዘገያል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል። ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን አስፈትሹ። የድሮዎቹ ባለ 6 ሲሊንደር ቶዮታዎች ላይ ማኒፎልድ ሥር ስለተቀበረ የሚያስከፍላችሁ ዕቃው ሳይሆን የእጅ ዋጋው ነው። ቡሎኑም በቶርክ ቁልፍ ልኩን ይታሰር፤ ከላላም ከጠበቀም በትክክል አይሰማም።