የዊቺታ ሁለት አውሮፕላኖች

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ለግጥሚያ ሲጓዝ ተጫዋቾች ብቻ አይሄዱም፤ ቡድኑን በገንዘብ የሚረዱ ደጋፊዎችም አብረው ይሳፈራሉ። የካንሳሱ ዊቺታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድንም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1970 ወደ ዩታ ያመራው በዚሁ ልማድ፣ በሁለት የማርቲን 4-0-4 አውሮፕላኖች ነበር። «ወርቅ» በተባለው ዋነኞቹ ተሰላፊዎች፣ አሠልጣኙና ደጋፊዎቹ፣ «ጥቁር» በተባለው ተጠባባቂዎቹ ተሳፈሩ።

ዴንቨር ላይ ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ጥቁሩ በሰሜን በኩል ዞሮ በደኅና ደረሰ። የወርቁ አብራሪዎች ግን ለተሳፋሪዎቹ የተራራውን ውበት ለማሳየት ሲሉ ወደ ክሊር ክሪክ ሸለቆ ገቡ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሞተሩም ጉልበት፣ የክንፉም የማንሣት ኃይል ይቀንሳል። ከሸለቆው ማዶ ያለው የሎቭላንድ መተላለፊያ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከተፈቀደለት በላይ ለጫነ አውሮፕላን ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመነሣት በፊት በሠንጠረዥ ሊታይ የሚችል ነገር ነበር፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሸለቆው ወለል ከአውሮፕላኑ ፈጥኖ ከፍ አለ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ እንደ ደመደመው፣ አውሮፕላኑ ከደረሰበት ከፍታ ተራራውን መሻገርም ሆነ ዞሮ መመለስ አይችልም ነበር። በአደጋው 31 ሰዎች ሞቱ፤ 14ቱ ተጫዋቾች ነበሩ።

የቀሩት ተጫዋቾች ውድድሩን ለመቀጠል በድምፅ ወሰኑ። በዚያው ወር 24 ቀን ከአርካንሳስ ጋር ለመጋጠም ወደ ሜዳ ሲገቡ የባላጋራቸው ደጋፊዎች ቆመው እያጨበጨቡ ተቀበሏቸው። ጨዋታው በአርካንሳስ 62 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ።